ባና የለበሱ ዛፎች

ጋሽ ወዳጆ ያንን ሳር ያጨዱት ለዛፎቻቸው አዝነው ነው ወይስ ለስማቸው? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ፣ መልስ ሳጣለት ጥዬዋለሁ። ሰውየውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ግቢያቸውን ከግቢያችን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ከሆነው ነገር ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል ለእናቴ ሲያጫውቱ ሰምቻለሁ። ይህችን አንዲቱን ነገር ግን ጋሽ ወዳጆ ራሳቸውም የሚያውቋት አይመስለኝም።

ቀበሌያችን መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የጓሳ ሜዳ ጠርዝ ላይ ናት። ጓሳ የማንም ሰው የግል መሬት አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ሳሩ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ቤት እንከድንበታለን። እንዲያድግ ተብሎ ለዓመታት ይዘጋል። ሽማግሌዎች «አሁን በቅቷል» ሲሉ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ የዚያን ቀን ከየቤቱ ማጭድ ይዞ ያልወጣ የለም። ከተቆረጠው ቀን በፊት ማጭድ ያሳረፈበት ሰው ግን በዚያ ዙር ድርሻ የለውም። የሳር ቤት ያለው ሰው ድርሻውን ካጣ ደግሞ የሚቀጥለው እስኪከፈት ድረስ ክረምቱን ሁሉ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያሳልፋል። ስለዚህ ቅጣቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ጋሽ ወዳጆ የዚህ ሳር ጠባቂ ነበሩ። አባታቸውም ጠባቂ ነበሩ ይባላል። ሕዝቡ የመረጣቸው ስለማያዳሉ ነው። አንድ ጊዜ የሚስታቸውን ወንድም አንድ ነዶ ሳር በጋቢው ሸፍኖ ሲወርድ አገኙት። እጁን ይዘው ወደ ሽማግሌዎች አመጡት፤ ሰውየውም የዚያን ዙር ድርሻውን አጣ። እትዬ ይመኙሻል ለወራት ባላቸውን በደንብ አላነጋገሯቸውም። ሰዉ ግን «እንዲህ ነው ጠባቂ» አለ።

ፖም ወደ ቀበሌያችን የመጣው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ፣ ከጨንቻ የመጡ ናቸው የተባሉ ችግኞች ለገበሬው ታደሉ። አብዛኛው ሰው ከገብስ መሬቱ ቀንሶ ለማያውቀው እንጨት ቦታ መስጠት አልወደደም፤ የወሰደውም ተክሎ ረሳው፣ በጎችም በሉበት። ጋሽ ወዳጆ ግን ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የበጎች ማደሪያ ቆፍረው፣ የከረመውን የበግ በጠጥ ከአፈሩ ጋር ደባልቀው ተከሏቸው። ጎረቤት እያለፈ ይቀልድባቸው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አቶ በዕውቀቱ ካቡ ላይ ተደግፈው «ወዳጆ፣ ይህ እንጨት የሚያፈራው አንተ ጥርስህ ካለቀ በኋላ ነው» ሲሏቸው ትዝ ይለኛል።

ጥርሳቸው ሳያልቅ አፈራ። በ1997 ሐምሌ ገብርኤል ዕለት የመጀመሪያውን ፍሬ በመሶብ አድርገው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ በኵራት ብለው ለቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ካህናቱ ባርከው፣ በቢላ ቆራርሰው ለሕዝቡ አደሉ። ለእኔም የጥፍር ያህል ቁራጭ ደረሰችኝ። ጣዕሟ ከማውቀው ነገር ሁሉ የተለየ ስለነበር ሳላኝካት አፌ ውስጥ ብዙ አቆየኋት። በዓመቱ ጋሽ ወዳጆ ሞዴል አርሶ አደር ተብለው ከወረዳ ሬዲዮ ተሸለሙ። ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ባይኖረውም፣ ከግድግዳው ሳይወርድ በር ሲከፈት በሚታይበት ቦታ ተሰቅሎ ኖረ። ቤታቸውንም ቆርቆሮ አለበሱት። ከዚያ በኋላ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አነሰ፤ በገበያም በለቅሶ ቤትም «ባለ ፖሙ» ሆኑ። ሲጠሩ ቶሎ አይዞሩም ነበር። ሁለተኛ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ።

በዚያን ጊዜ በጋው ብርድ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት የከብቶቹ ገንዳ ውሃ ረግቶ ያድራል፤ በዱላ ሰብረን ነበር የምናጠጣው። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይነጣል። ፖሞቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ባዶ እንጨት ሆነው ይከርማሉ፤ የማያውቅ ሰው ሞተዋል ብሎ ይቆርጣቸዋል። የካቲት ሲገባ ሁሉም እንደ ተጠራሩ ባንድ ሳምንት ያብባሉ።

ይህ መቼ እንደተለወጠ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። አንድ ዓመት ገንዳው ጥቂት ቀን ብቻ ረጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት መርጋቱን ሰው ረሳው። እኛ ዘንድ የማትታወቀው ትንኝ ማታ ማታ ጆሮ ሥር መዞር ጀመረች። ከታች ባሉት ቀበሌዎች ብቻ ይዘራ የነበረ ስንዴ ሽቅብ እየወጣ የገብሱን መሬት ያዘ። ለብዙው ሰው ይህ ደስታ ነበር። «ብርዱ አዘነልን» ይሉ ነበር። ጋሽ ወዳጆም ከሌላው ጋር አብረው ተመስገን ይሉ ነበር፤ ዛፎቻቸው ግን ጠባያቸው ተበላሸ። ቅጠላቸው በጊዜው አልረግፍ አለ። የካቲት ሲመጣ እዚህ አንድ ቅርንጫፍ፣ እዚያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያብብ ጀመር። ፍሬው አነሰ። በ2004 ኅዳር ደግሞ፣ ያለ ወሩ፣ ሞቅ ሞቅ ባሉት ቀናት አበባ ብቅ አለ። ጋሽ ወዳጆ ደስ ብሏቸው ሰው ሁሉ እንዲያይላቸው ጠሩ። ከዚያ የዱሮውን ዓይነት ውርጭ አንድ ሌሊት መጣና አበባውን አጥቁሮት አደረ።

ጠዋት የጠቆሩትን አበቦች መዳፋቸው ላይ ይዘው ካቡ ዳር ቆመው አየኋቸው።

«ብርዱ ነው የገደለብኝ» አሉኝ። «ዘንድሮ አታለለኝ። ለከርሞ አያገኛቸውም።»

የተሳሳቱት እዚያ ላይ ነው፤ ግን እኛ ማናችንም ብንሆን የምንሳሳተው ስሕተት ነው። መንዝ ውስጥ የበረደው ነገር ሲታይ የሚደረገው ይታወቃል፤ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ባና ይለብሳል። አራስም፣ ሽማግሌም፣ የታመመ ጥጃም ባና ነው የሚለብሰው። በዚያ ላይ በከርሞው የካቲት ከዞን እንግዶች መጥተው ዛፎቹ ሲያብቡ ያያሉ የሚል ወሬ ነበር። ባለ ፖሙ የሞተ አበባ ሊያሳዩ ነው እንዴ?

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በቤታቸው ያለውን አሮጌ ባናና ዝተት ሁሉ ሰብስበው ዛፎቹን ይለኩ ጀመር። ሱፉ ብቻውን አይበቃም ብለው አሰቡ፤ ነፋስ ያስገባል። ከሥሩ የሚጎዘጎዝ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። የገብሱ ጭድ የበጎቹ ቀለብ ነበር፤ እሱም በዚያ ዓመት አልበረከተም። ከሁሉ የሚሞቀው ደግሞ የጓሳ ሳር መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ውስጡ ተኝተው ዝናብ አሳልፈዋል።

ጉም በወረደባቸው ጠዋቶች፣ ሰው እጁን በማያይበት ሰዓት፣ ጥበቃ ነው ብለው ማጭድ በጋቢያቸው ሥር ይዘው ወጡ። ከአንድ ቀን በላይ ተመላልሰዋል። እትዬ ይመኙሻል ያዩት የመጨረሻውን ሸክም ነው።

«ከየት ነው ይኼ?» አሏቸው።

«ቆርቆሮ ስናለብስ ከድሮው ክዳን የተረፈ ነው።»

«የድሮው ክዳን ጤዛ ይይዛል እንዴ?»

ጋሽ ወዳጆ ሳሩን ግንዱ ላይ መጠምጠማቸውን ቀጠሉ።

«አንቱ፣ ወንድሜን በአንድ ነዶ ሽማግሌ ፊት ያቆሙት ሰው ነዎት።»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«የኔ ድምፅማ ዝቅ ብሏል። የሚጮኸው ሳሩ ነው።»

ሳሩ እንዳይታይ ከላይ ባናውን ደርበው በልጥ አሰሩት። ዛፎቹ እንደ ቆመ ሰው ሆኑ። ሰው ሳቀ። አቶ በዕውቀቱ በካቡ በኩል እያለፉ «ወዳጆ፣ እነዚህን ሙሽሮች መቼ ነው የምትድራቸው?» አሏቸው። «ለሚስትህ አዲስ ባና ሳታሸምንላት ለእንጨት አለበስክ? ብታርፍ ይሻልሃል፤ ነገ ደግሞ ራታቸውን ይጠይቁሃል።» ጋሽ ወዳጆም አብረው ሳቁ። ለአንዲቱ ዛፍ፣ ከካቡ ጥግ ጥላ ውስጥ ላለችው፣ ባናውም ሳሩም አልተረፈላትም ነበር። ራቁቷን ቀረች። ቅርንጫፏን ዳሰስ አድርገው «አንቺን እንግዲህ እግዜር ይጠብቅሽ» ሲሏት ሰምቻለሁ።

ጓሳው ሊከፈት የታሰበው በዚያው የካቲት ነበር። ከመከፈቱ በፊት ሽማግሌዎች ወጥተው ሳሩን ይመለከታሉ። ሲዞሩ ከጉብታው ሥር የታጨደ ቦታ አገኙ። ሰፊ አይደለም፤ ግን በማጭድ የታጨደ መሆኑ የሚያከራክር አልነበረም። ከዚያ ቦታ ወደ መንደር የምትወርደው ቀጭን መንገድ የምታልፈው በእትዬ ውባየሁ ደጃፍ ነው። እትዬ ውባየሁ ባላቸው ከሞተ የቆዩ፣ ልጆቻቸው አገር ጥለው የሄዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጣሪያቸው ባለፈው ክረምት እያፈሰሰ አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ከርመዋል። ሽማግሌዎቹ ግቢያቸው ሲገቡ ከዶሮዋ ጎጆ ሥር እፍኝ የማይሞላ የጓሳ ሳር አዩ።

ስብሰባው የተደረገው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ነው። እኔም ነበርኩ።

«መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት» አሉ እትዬ ውባየሁ። «ለዶሮዬ ለቀምኩላት።»

«ማን ጣለው?» አሏቸው አቶ በዕውቀቱ።

«እኔ ምን አውቄ። የወደቀ ነገር የጣለውን ስም አይናገርም።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። አቶ በዕውቀቱ አልሳቁም። ወደ ጋሽ ወዳጆ ዞሩ።

«ጠባቂው አንተ ነህ፣ ወዳጆ። ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም።»

«ሰው ሲወጣ ሲወርድ?»

«ጉም ነበር። ማንንም አላየሁም።»

እትዬ ውባየሁ ከተቀመጡበት ተነሱ። ጋሽ ወዳጆን በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ አንተ ነው የሚሏቸው።

«አንተ ወዳጆ፣ ቀና በልና እየኝ። ማጭድ ይዤ አይተኸኛል?»

«አላየሁዎትም፣ እትዬ።»

«ይኸው። አላየኝም።»

«አለማየቱ አለማድረግዎን አያሳይም» አለ ሌላ ሽማግሌ። «ጣሪያዎ እንደሚያፈስስ ሁላችንም እናውቃለን። ከእርስዎ በቀር ማን ቸኮለ?»

ክርክሩ ብዙ አልቆየም። ሽማግሌዎቹ የቆየውን ሥርዓት አፍርሰው አያውቁም፤ ለባልቴት ብለው ቢያፈርሱት ነገ ሁሉም ሰበብ ያመጣል ተባለ። እትዬ ውባየሁ በዚህ ዙር ድርሻ እንዳይኖራቸው ተወሰነ። አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በጋሽ ወዳጆ ፊት አልፈው ሄዱ። ጋሽ ወዳጆ መሬት መሬት እያዩ በዱላቸው ጫፍ አንዲት ጠጠር ያንከባልሉ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። እትዬ ይመኙሻል እንደሚሉት መደቡ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። «ተኙ እንጂ» ሲባሉ «ተኝቻለሁ» ይላሉ፣ ዓይናቸው ተገልጦ። ቀን ቀን እርሻ ላይ ያንገዳግዳቸው ጀመር። ገበያ ላይ «ባለ ፖሙ» ብሎ የጠራቸው ሰው ሁለተኛ መጥራት አላስፈለገውም፤ ደንግጠው ባንዴ ይዞራሉ። ለምን እንደሆነ ያኔ ከእትዬ ይመኙሻል በቀር ማንም አልገባውም።

ጓሳው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰርካለም መጣች። ሰርካለም የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ናት፤ ተመርቃ ከመጣች ገና አንድ ክረምት ነበር የሆናት። ከዞን ይመጣሉ ለተባሉት እንግዶች ዛፎቹ ምን ላይ እንዳሉ ልታይ ነው የመጣችው። እኔ በካቡ ወዲህ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

በመጀመሪያ ያየችው የጥጓን ዛፍ ነው። ያቺ ራቁቷን የከረመችው ቅጠሏን አራግፋ፣ ከላይ እስከ ታች አብባ ነበር። ሌሎቹ ባና እንደለበሱ፣ ያምናውን ቅጠል እንደያዙ ቆመዋል። እምቡጣቸው እንደ ተዘጋ ነው።

«ይህችን ለምን አላለበሷትም፣ ጋሽ ወዳጆ?»

«ባናው አልበቃም። እንዲያውም አዝኜላት ነበር።»

ሰርካለም ትንሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ አንደኛው ዛፍ ሄዳ ልጡን መፍታት ጀመረች።

«ተዪው ልጄ፣ እኔ እፈታዋለሁ» አሉ ጋሽ ወዳጆ ፈጠን ብለው።

ዘግይተዋል። ባናው ሲወርድ ሳሩም አብሮ ወረደ፤ እግሯ ሥር ተከመረ። ሰርካለም ስብሰባው ላይ ነበረች። ጎንበስ ብላ አንድ ዘለላ አነሳች፣ የታጨደበትን ጫፍ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ቀና አለች።

«ይህን ሁሉ ሙቀት ማን ጠየቀዎት?» አለች ቀስ ብላ።

«አምና ብርዱ ገደለብኝ እኮ።»

«ብርዱ አይደለም ጋሽ ወዳጆ። ፖም ብርድ ሲያገኘው ይተኛል። በደንብ ሲተኛ ነው በደንብ የሚነቃው። አሁን በጋው እየሞቀ ስለመጣ እንቅልፉ አጠረበት። አምና ኅዳር ላይ ያበበው እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ያለ ሰዓቱ ተነስቶ ነው፤ ውርጩም ያገኘው ተነስቶ ስለቆየ ነው። ተኝቶ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር።»

«እንግዲህ እኔ…»

«እርስዎ የቀረችውን ትንሽ ብርድ ከለከሉት።»

ጋሽ ወዳጆ የጥጓን ዛፍ አዩ። ንቦች ገብተውባት ነበር።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«በጥቅምት መጨረሻ ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ፣ ውሃውን መቀነስ፣ ከዚያ መተው። ዝም ብሎ እንዲበርደው መተው። ብርዱ ከዚህ በላይ ከቀነሰ ግን…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ያኔ እኔም የምልዎት የለኝም። ትንሽ ብርድ የሚበቃው ዓይነት ፖም አለ ይላሉ። እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

ጋሽ ወዳጆ የወደቀውን ባና አነሱ።

«ሳሩን አየሽው» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

«አየሁት።»

«ለማን ትነግሪያለሽ?»

«እኔ የመጣሁት ለዛፉ ነው።» ደብተሯን ብብቷ ሥር አድርጋ መሄድ ጀመረች፤ ካቡ ጋ ስትደርስ ዞረች። «እትዬ ውባየሁን ስመጣ አገኘኋቸው። ዶሮዋን አቅፈው ሞላሌ እየወረዱ ነበር። ሸጠው ለጣሪያቸው ፕላስቲክ ሊገዙ ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሽ ወዳጆ የቀሩትን ዛፎች አንድ በአንድ ፈቱ። አላገዝኳቸውም፤ እንዳየኋቸው እንዲያውቁ አልፈለግሁም። ባናዎቹን አራግፈው ካቡ ላይ ዘረጉ። ሳሩን ሰብስበው ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እትዬ ይመኙሻል ከበሩ ሆነው አዩአቸው፤ ሳይጠጉ ተመልሰው ገቡ።

ጓሳው የተከፈተ ዕለት ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ በጠዋት ሜዳው ጠርዝ ላይ ተሰበሰበ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጨርሰዋል። እትዬ ውባየሁም መጥተው ነበር፤ ማጭድ አልያዙም፤ ከሰው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። ምናልባት ቤት ውስጥ ሆኖ የማጭዱን ድምፅ መስማት ይብሳል።

አቶ በዕውቀቱ «ግቡ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ወዳጆ ከታች ብቅ አሉ። በትልቅ ባና የተጠቀለለ ሸክም በጀርባቸው አዝለዋል። ዋናውን መንገድ ነው የመጡት፤ መንደሩን መሃል ለመሃል አቋርጠው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። መሃል ሲደርሱ ሸክሙን አወረዱና ባናውን ገለጡት።

«እትዬ ውባየሁ አላጨዱም» አሉ። «ያጨድኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው «እሱ ሳር ምን ያደርግለታል? ቤቱ ቆርቆሮ» አለ።

«ለፖሞቹ ነው» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «እንዳይበርዳቸው ብዬ።»

ያኔ ሳቅ ተነሳ። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። የሚስታቸው ወንድም ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ማጭዱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረና ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ።

አቶ በዕውቀቱ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«እና ሞቃቸው?»

«ሞቃቸው።»

«አበቡ?»

«አላበቡም። ያበበችው ያላለበስኳት ናት።»

«ስብሰባው ላይ ስጠይቅህ ማንንም አላየሁም አልከኝ።»

«ማንንም አላየሁም ነበር። ራሴን ብቻ ነው።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ጥበቃውን ውሰዱልኝ። ድርሻም አልፈልግም፤ የኔ ድርሻ ለእትዬ ይሁን።»

«የአንተን ድርሻ የምትሰጠው አንተ አይደለህም፤ ድርሻ የለህም» አሉ አቶ በዕውቀቱ። «የእሳቸው የራሳቸው አለ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ድንጋዩ ሄደው እትዬ ውባየሁን ይቅርታ ጠየቁ፤ አንደኛው ጉልበታቸውን ሊነካ ጎንበስ አለ። እትዬ ውባየሁ ከለከሉት።

«እናንተማ አላያችሁም» አሉ። «ያየው እሱ ነው።»

ጋሽ ወዳጆ ጠጋ አሉ። እጃቸው ባዶ ስለነበር ምን እንደሚያደርጉበት አልገባቸውም።

«እትዬ፣ ቤትዎን ልክደንልዎ።»

እትዬ ውባየሁ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ጣሪያዬ ላይ አትወጣም» አሉ በመጨረሻ። «ሳር ማቀበል ከፈለግህ ግን ከታች ሆነህ አቀብል።»

ከዞን ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች ሳይመጡ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ የነገረን የለም። ቢመጡም የሚያዩት አንዲት ዛፍ ብቻ ነበር።

ሳሩ ደርቆ የእትዬ ውባየሁ ቤት የተከደነ ዕለት እኔ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ጋሽ ወዳጆ ከሁላችን ቀድመው መጥተዋል። ነዶውን እያነሱ ያቀብሉናል። የዶሮዋ ጎጆ ባዶውን በሩ ጥግ ነበር፤ ባጠገቡ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ከላይ ያሉት ሰዎች ዝም አላሏቸውም።

«ባለ ፖሙ፣ ቶሎ በል እንጂ።»

«ይኼኛው ነዶ ከየትኛው ዛፍ የወረደ ነው?»

«ተው፣ ብርድ ይመታዋል፤ ባና አልብሱት።»

ጋሽ ወዳጆ ማቀበላቸውን ቀጠሉ። ላባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ነዶውን ከፍ አድርገው ይዘረጋሉ፤ የሚቀበላቸውን ሰው ፊት አያዩም። እትዬ ውባየሁ ጠላ ሲያድሉ ለእያንዳንዳችን በእጃችን ሰጡን። ለእሳቸው ዋንጫውን ካጠገባቸው መሬት ላይ አኖሩት። ጋሽ ወዳጆ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ጠጡ፣ ባነሱበት ቦታ ላይ መለሱት።

የጣሪያው ጉልላት ላይ ስንደርስ ከታች የሚያቀብለን ጠፋ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጋሽ ወዳጆ በተረፈው ሳር ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አንድ ነዶ ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አንዱ ከላይ ሊጠራቸው ሲል እትዬ ውባየሁ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ጋሽ ወዳጆ ተራመዱና ነዶውን ከጉልበታቸው ላይ ቀስ ብለው ወስደው፣ ራሳቸው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

ተቀበልኳቸው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።